አሮጌ ብር አቅልጬ አዲስ መስቀል እሠራለሁ፤ ሰውነትስ እንዲህ ቢያደርግ ዕድሜ ይረዝማል?

አንጥረኛው ዘቀሃ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ አንጥረኛነት ነው፤ ከአባቴ የተማርኩት። ጎንደር ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የአንገት መስቀል፣ ጉትቻና ቀለበት እሠራለሁ። የምጠይቀው ግን ስለ ሕይወት ሳይንስ ነው። መነሻዬን ሳልናገር ብጠይቅ ያልጠየቅሁትን እንዳትመልሱልኝ ስለሰጋሁ ትንሽ ታገሡኝ።

አባቴ ዘንድሮ 79 ዓመት ሞላቸው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው ብሎ መድኃኒት አዝዞላቸዋል። ያ እጅ እንደ ክር የቀጠነ የብር ሽቦ በጉጠት ጫፍ ይዞ ሐረግ የሚሠራ እጅ ነበር። አሁን ቡና እንኳ ሲኒው እስከ ግማሽ ብቻ ካልተቀዳላቸው ይፈስባቸዋል። በግማሽ ሲቀዳላቸው እኔ እንዳይ አይፈልጉም። ስለዚህ ጀበናው ሲቀርብ ወናፉን የማስተካክል መስዬ ፊቴን አዞራለሁ።

የእኅቴ ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይማራል። በዐቢይ ጾም ሊጠይቀን መጥቶ አያቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መዋላቸውን ሲያይ፣ «አጎቴ፣ ይህ ለአባባ መድኃኒት እኮ ነው! ሰው ሲራብ ሴሉ የራሱን አሮጌ ፕሮቲን በልቶ አዲስ ይሠራል፤ ይህን ያጠና ጃፓናዊ በ2016 ኖቤል ተሸልሟል» አለኝ። ደስ አለኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ አንድ ያማረ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ወደ ሱቄ ገብቶ «ሴል ያድሳል» የሚል ዱቄት በቆርቆሮ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ዋጋው 3,500 ብር። የተናገረው ግን ቃል በቃል የልጁን ነው፦ አሮጌው ፕሮቲን ይፈርሳል፣ አዲስ ይሠራል፣ ዕድሜ ይረዝማል። አንድን ነገር አንዱ ከፍቅር፣ ሌላው ከገበያ ሲነግረኝ እውነቱ የቱ ጋ እንዳለ ጠፋኝ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፤ ጥያቄው ያለው እዚያ ነውና። ደንበኛ የአያቱን ማርትሬዛ ብር ያመጣልኛል። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። (በነገራችን ላይ ማርትሬዛ መቼም ይመታ መቼ ሁሉም ላይ 1780 ነው የተጻፈው። ዕድሜውን የሚደብቅ ገንዘብ ከዚያ ሌላ አላውቅም።) አቀልጠዋለሁ፤ ቀልጦ ሲወጣ እርጅና የሚባል ነገር የለበትም። የመቶ ዓመቱም የትናንቱም አንድ ናቸው። ሰውነት እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ለምን ያረጃል?

ግን ደግሞ ማቅለጥ እሳት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስሞርድ የሚረግፈው ፍቅፋቂ ጭኔ ላይ በማነጥፈው ቆዳ ላይ ይወድቃል፤ ቆዳውን ካላራገፍኩት እሳቱ ቢነድም ብሩ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ከአሮጌ ጌጥ መበየጃ ላይ ያለች ትንሽ እርሳስ ወይም ቆርቆሮ ሳትለቀም ከገባች ደግሞ አለቀልኝ። ብሩ ሲፈስ ደኅና ይመስላል፤ መስፉ ላይ አስቀምጬ በመዶሻ ስመታው ግን ጠርዙ እንደ ደረቀ ኢንጀራ ይሰነጠቃል። አባቴ በልጅነቴ እንዲህ ያበላሸሁትን አንድ መስቀል እስካሁን በሚስማር ሰቅለውታል፤ እንዳልረሳው ነው።

እና ጥያቄዬ ይህ ነው። በሰውነት ውስጥ የሚለቅመው ማን ነው? በእርጅና የሚበላሸው እሳቱ ነው፣ ለቀማው ነው ወይስ ቆዳውን ማራገፉ? ሳይንቲስቶች ዕድሜ ለማርዘም «እንለውጠው» የሚሉት የትኛውን ነው? ዱቄቱንስ ልግዛ?

ማራኪ ያደግሁ

ጋሼ፣ የሕዋስ ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የማሳድገው እርሾ ነው። ከአገር ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ በእናቴ እጅ ተይዤ ስሄድ የአንጥረኞች መዶሻ ድምፅ እንደሚስበኝ ግን አልረሳሁም። ከመጨረሻው ልጀምርና ዱቄቱን አይግዙ። የቀረውን ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የነገሩን ስፋት ይያዙልኝ። ያደገ ሰው ሰውነት በቀን ከ250 እስከ 300 ግራም ፕሮቲን አፍርሶ ያንኑ ያህል ይሠራል። በቀን የምንበላው ፕሮቲን ግን 70 ግራም ገደማ ነው። ሌላው ሁሉ ከራሱ ስባሪ የሚመጣ ነው። ገበያ ወጥቶ ብር የሚገዛው አልፎ አልፎ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ማቅለጫው ሁለት ነው። አንደኛው ፕሮቲያሶም ይባላል፤ ውስጡ ክፍት የሆነ በርሜል የሚመስል በጣም ትንሽ ማሽን ነው፤ አንድ አንድ ፕሮቲን እየሳበ ይቆራርጣል። ዝም ብሎ ያገኘውን አይስብም። «የሚለቅመው ማን ነው» ላሉት መልሱ ዩቢኩቲን ነው፤ 76 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ቁርጥራጮች) ያሉት ትንሽ ፕሮቲን። መፍረስ ያለበት ላይ እንደ ምልክት ይለጠፋል፤ በርሜሉም ምልክቱን አይቶ ይቀበላል። ይህን ያገኙት አቭራም ኸርሽኮ፣ አሮን ቺካኖቨርና አርዊን ሮዝ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሁለተኛው ማቅለጫ ላይሶሶም ነው፤ በአሲድና በኢንዛይም (ሌላውን በሚያፈርስ ፕሮቲን) የተሞላ ከረጢት። ቤልጅጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1955 አገኘው፤ ሕዋስ የራሱን ክፍል ጠቅልሎ ወደዚያ የሚጨምርበትን ሂደት ደግሞ በ1963 «ኦቶፋጂ» ብሎ ሰየመው፤ በግሪክ ራስን መብላት ማለት ነው። እዚህ የሚገባው ትልልቁ ነው፤ የተጣበቀ የፕሮቲን ጓል፣ ያረጀ የሕዋስ አካል፣ አንዳንዴም ሰርጎ የገባ ባክቴሪያ።

የእኅትዎ ልጅ የጠቀሰው ጃፓናዊ ዮሺኖሪ ኦሱሚ ነው። ያደረገው ነገር እርስዎን ደስ ይልዎታል ብዬ ስለማስብ በዝርዝር ልንገርዎት። ኦቶፋጂን በዓይን ማየት አስቸጋሪ ነበር፤ ወደ ማቅለጫው የገባው ሁሉ ወዲያው ስለሚቀልጥ። ኦሱሚ የማቅለጫው ኢንዛይሞች የሌሉትን እርሾ ወስዶ አስራበ። እሳት በሌለው ምድጃ ውስጥ ብር እየጨመሩ እንደ መሄድ ነው። እርሾው ሲራብ ስባሪውን እየጠቀለለ ከረጢቱ ውስጥ ይጨምራል፤ ስለማይቀልጥ ግን ይከማቻል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከረጢቱ በትንንሽ ድቡልቡሎች ተሞልቶ በተራ ማይክሮስኮፕ ታየ። ውጤቱን በ1992 አሳተመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉ 15 ዘረ መሎችን ለየ። እኔም እርሾዎቼን በአስራብኩ ቁጥር ያንኑ ድቡልቡል አያለሁ፤ እስካሁን አልሰለቸኝም።

ዕድሜ ጋ ያለው ግንኙነት ከትል ነው የመጣው። አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ የምትኖር ትል አለች። በ1993 ሲንቲያ ኬንየን አንድ ዘረ መሏን ብቻ በመለወጥ ዕድሜዋ እጥፍ እንደሚሆን አሳየች። በ2003 ደግሞ ቤዝ ሌቪንና ባልደረቦቿ በዚያችው ረጅም ዕድሜ ባላት ትል ውስጥ ኦቶፋጂን አዳከሙት፤ የተጨመረው ዕድሜ ጠፋ። ጾምም ሆነ ሌላ መንገድ ዕድሜ ያረዝማል ሲባል በጎን ማቅለጫው መሥራት እንዳለበት ማወቅ የጀመርነው እንደዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ አይጥ ላይ ተሄደ። በ2013 የኮሪያ ተመራማሪዎች ኤቲጂ5 የተባለውን የኦቶፋጂ ዘረ መል በብዛት እንዲሠራ ያደረጉባቸው አይጦች ግማሾቹ የሚሞቱበት ዕድሜ በ17 በመቶ ገደማ ረዘመ። በ2018 ደግሞ ከሌቪን ቤተ ሙከራ ይበልጥ ረቂቅ የሆነ ለውጥ ወጣ። ቤክሊን 1 የሚባል ኦቶፋጂን የሚያስጀምር ፕሮቲን አለ፤ ሌላ ፕሮቲን እጁን ይዞ ያቆመዋል። ከቤክሊን አሚኖ አሲዶች 121ኛዋን ብቻ ሲለውጧት የያዘው እጅ ለቀቀው፤ አይጦቹም በጤናም በዕድሜም ተሻሉ።

«እሳቱ ነው፣ ለቀማው ነው ወይስ ማራገፉ» ላሉት ደግሞ፣ አና ማሪያ ኩዌርቮ የጉበት ሕዋስን ስታጠና ካገኘቻቸው ነገሮች አንዱ ማራገፉ መሆኑ ነው። የተለቀመውን ፕሮቲን አንድ በአንድ ወደ ላይሶሶም የሚያስገባ በር አለ፤ ስሙ ላምፕ 2ኤ ነው። ከዕድሜ ጋር የበሮቹ ቁጥር ይቀንሳል። ምልክት የተደረገበት ስባሪ ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል። በ2008 ያሳተመችው ጥናት በአይጥ ጉበት ውስጥ በሮቹ እንዳይቀንሱ አደረገ፤ 22 ወር የሞላቸው፣ ማለትም ያረጁ አይጦች ጉበት ወደ ወጣቶቹ የቀረበ ሥራ ሠራ። ስለ ቆዳው ሲጽፉ ይህንኑ ጥናት ያነበቡ መስሎኝ ነበር።

ከደባርቅ መንገድ

አያቴ ወገራ ውስጥ 90 ዓመት አልፈው ነው የሞቱት፤ ቅቤም ይወዱ ነበር፣ ጾምም አይሽሩም ነበር። ኦቶፋጂ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። አይጥና ትል ላይ የተሠራ ሁሉ በሰው ላይ ቢሠራ ኖሮ ካንሰር ከጠፋ ስንት ዓመቱ ነበር። ጋሼ፣ 3,500 ብሩን ለአባትዎ በግ ይግዙበት ልል ነበር፤ ለካ በዚያ ዋጋ በግ የለም።

አንጥረኛው ዘቀሃ

እኅቴ ማራኪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ለአባቴ ጮክ ብዬ። እሳት የሌለበትን ምድጃ ስነግራቸው ሳቁና «ሰውየው አንጥረኛ መሆን ነበረበት» አሉ።

ደባርቅ፣ አንተም አልተሳሳትክም፤ በጉ ግን እውነት ነው፣ የለም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በሩ ከጠበበ በሩን ማስፋት፣ እጁ የተያዘውን ማስለቀቅ ይህን ያህል የሚያዋጣ ከሆነ ለምን እስካሁን ለሰው አልተሠራም? በእኛ ሥራ ወናፉን አብዝተህ ብትነፋ ብሩ ቶሎ ይቀልጣል፤ ግን ከመጠን ካለፈ ይፈላና አረፋ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ቀዳዳ ብቻ ይሆናል። ሰውነትም እንደዚያ ነው? ሌላው፣ የአባቴ ነገር። ጉበት ሳይሆን እጅ ነው የተንቀጠቀጠው።

ማራኪ ያደግሁ

አረፋውን ስላነሱ ደስ ብሎኛል፤ ልክ ነው።

ክሎሮኪንን ያውቁታል። መተማ ወይም ሁመራ ለሥራ ወርዶ በወባ ተይዞ ያንን መራራ ክኒን ያልዋጠ ጎንደሬ ጥቂት ነው። ክሎሮኪን ላይሶሶም ውስጥ ተከማችቶ አሲዱን ያረክሰዋል፤ እሳቱን ውኃ እንደ ማፍሰስ። የካንሰር ተመራማሪዎች የዚህኑ መድኃኒት ዘመድ ከካንሰር መድኃኒት ጋር እየሰጡ ሞክረዋል። ለምን ቢባል ኦቶፋጂ ሁለት ፊት አለው። ገና ጤነኛ የሆነውን ሕዋስ ከብልሽት ይጠብቀዋል፤ ካንሰሩ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን የተራበውን እጢ የሚመግበው ይኸው ኦቶፋጂ ነው። በ2003 የተፈቀደው ቦርቴዞሚብ የተባለ የደም ካንሰር መድኃኒትም የሚሠራው ፕሮቲያሶሙን በመዝጋት ነው። ስለዚህ ለሁሉም ሰው በሁሉም ዕድሜ ወናፉን ንፉ ማለት አይቻልም።

በመድኃኒት በኩል ብዙ የተወራለት ራፓማይሲን ነው። በ1964 ከኢስተር ደሴት በተወሰደ አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ ነው፤ ነዋሪዎቿ ደሴቲቱን ራፓ ኑይ ስለሚሏት ስሙ ከዚያ ወጣ። ሕዋስ ምግብ መኖሩን የሚያውቅበትን አንድ ፕሮቲን ይይዛል፤ ሕዋሱም ጠግቦ ሳለ የተራበ ይመስለዋል። በ2009 የታተመ ጥናት 600 ቀን ለሞላቸው አይጦች፣ እንግዲህ ሽማግሌ ለመሆን ለተቃረቡት፣ ሰጥቷቸው ነበር። ከመቶው ዘጠናው የሚሞቱበት ዕድሜ በሴቶቹ 14 በመቶ፣ በወንዶቹ 9 በመቶ ወደፊት ገፋ። ይሁን እንጂ ያው መድኃኒት ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚወስዱት ነው። የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፣ አፍ ያቆስላል፣ የደም ቅባት ይጨምራል፣ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። ለ79 ዓመት ሰው «ዕድሜ ማርዘሚያ» ብሎ መስጠት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

የአባትዎ እጅ ግን ከዚህ ጋር በእርግጥ ይገናኛል። የጉበት ሕዋስ ሲበላሽ ሌላ ይተካዋል። የአንጎል ነርቭ ግን ከልጅነት እስከ ሞት ያው አንዱ ነው፤ ካላጸዳ የሚተካው የለም። በ2006 ሁለት የጃፓን ቡድኖች ነርቮቻቸው ላይ ብቻ ኦቶፋጂ የተዘጋባቸውን አይጦች ፈጠሩ፤ ምንም ሌላ በሽታ ሳይጨመርባቸው በነርቮቻቸው ውስጥ የፕሮቲን ጓል ተጠራቀመ፣ እንቅስቃሴያቸው ተበላሸ። በፓርኪንሰን የሚከማቸው አልፋ ሲኑክሌን የሚባል ፕሮቲን ነው። የላይሶሶምን አንድ ኢንዛይም የሚሠራ ጂቢኤ1 የተባለ ዘረ መል የተጎዳበት ሰው ደግሞ ለፓርኪንሰን የበለጠ ይጋለጣል። ያንን ኢንዛይም የሚያግዝ አምብሮክሶል የተባለ የቆየ የሳል መድኃኒት በሕሙማን ላይ እየተሞከረ ነው። ይህን የምጽፈው ሰዎች በዚህ አቅጣጫ እየሠሩ መሆኑን እንዲያውቁት እንጂ ፋርማሲ ሄደው ሽሮፕ እንዲገዙ አይደለም፤ በሙከራው የሚሰጠው መጠን ለሳል ከሚሰጠው እጅግ የበለጠና በሐኪም ዓይን ሥር ነው።

ደባርቅ፣ ከአይጥ ሌላ ካስፈለገህ የራሳችን አገር እንስሳ ልስጥህ። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላ ውስጥ ከመሬት ሥር የሚኖር ፀጉር አልባ ፍልፈል አለ። መጠኑ እንደ አይጥ ነው፤ የቤት አይጥ ቢበዛ አራት ዓመት ሲኖር እሱ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። በቲሹዎቹ ውስጥ ያለው የፕሮቲያሶም ሥራ ከአይጥ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ለሳይንስ በ1842 መጀመሪያ የገለጸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ይህ ሰው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ተቀምጦ መጻሕፍትና እንስሳት ሲሰበስብ የነበረ ነው። መልኩ ግን ከልብ ያስቀይማል፤ ረጅም ዕድሜ ከቁንጅና ጋር አልተሰጠውም።

ሲስተር ዘአዘዞ

ወንድሜ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ ስለ አይጡ እኅታችን በቂ ብላለች፤ እኔ ስለ አባታችን ልናገር።

አባባ የሚወስዱት መድኃኒት ሌቮዶፓ ያለበት ከሆነ (አብዛኛውን ጊዜ ነው፤ እሽጉን እይልኝ) ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ባዶ ሆድ ላይ መዋጡ ይመረጣል፤ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ከመድኃኒቱ ጋር አንጀት ውስጥ ስለሚሻማ ነው። ሽሮ የጾም ቢሆንም ፕሮቲን ነው፤ ሰው ይህን ይረሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው መድኃኒቱን ከሽሮው ጋር በአንድ ጊዜ ከዋጡት ከሰዓት በኋላ እጃቸው የባሰ ቢንቀጠቀጥ አይግረምህ። ይህን ሰዓት ለሐኪማቸው ንገርና እሱ ያስተካክል፤ በራስህ አትቀይር።

ሁለተኛ፣ ውኃ። በዚህ በሽታ የደም ግፊት ከመቀመጫ ሲነሱ በድንገት ይወርዳል። ውኃ ሳይጠጡ ከዋሉና በድንገት ከተነሱ ይወድቃሉ። ከቅዳሴ ተነሥተው ደረጃ ላይ የወደቁ አባቶችን ስናክም ብዙ ጊዜ አሳልፈናል፤ የዳሌ ስብራት በዚያ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ክብደታቸውን መዝን። ሽማግሌ ሲከሳ የሚሄደው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ነው። ወጣቱ ሲጾም ሕዋሱ ይጸዳ ይሆናል፤ አባባ ሲከሱ ግን ከወንበር መነሻ ጉልበታቸው ነው የሚሄደው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ሰው የንስሐ አባት ያቃልልለታል። ይህን ከአንተ ይልቅ ከንስሐ አባታቸው ቢሰሙት ይሻላል፤ አባቶች ከልጅ አይሰሙም።

ዱቄቱን በተመለከተ፣ እሽጉ ላይ ምን እንዳለበት ተጽፏል? ካልተጻፈ ለበሽተኛ አይሰጥም። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

አንጥረኛው ዘቀሃ

ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ነው የምጽፈው፤ ከበዓሉ በፊት የመስቀል ትእዛዝ በዝቶብኝ ነበር።

ሲስተር፣ እሽጉን አየሁት፤ እንዳልሽው ሌቮዶፓ ነው። ከሽሮው ጋር ነበር የሚውጡት፤ ሰጪውም እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ሰዓቱን አስተካከለልን። የንስሐ አባታቸው ደግሞ ቤት ድረስ መጡ። አባቴ መጀመሪያ «እኔ ሃምሳ ዓመት ያልሻርኩትን» ብለው ተቆጡ፤ ቄሱ ምንም ሳይመልሱ ቡና ጠጡ፣ ስለ ድሮ አንጥረኞች አወሩ፣ ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ቆመው «ነገ ጧት ከመድኃኒቱ በኋላ ይቅመሱ፤ ኃጢአቱ በእኔ ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጧት አጥሚት ይጠጣሉ። መንቀጥቀጡ አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ የሚብሰው ግን ቀንሷል። መመዘኛችን የብር ሚዛን ብቻ ስለሆነ ክብደታቸውን ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመዝኛለሁ፤ 54 ኪሎ። በየወሩ እንመጣለን ብያለሁ።

ባለ ሸሚዙ ሰው ተመልሶ መጣ። እሽጉ ላይ ምን እንዳለበት ያልተጻፈው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ምስጢሩ ነው» አለኝ። እኔም ማርትሬዛውን አሳይቼ፣ ስንት እጅ ብር እንዳለበት የማልነግርህ ምስጢር ነው ብልህ ትገዛኛለህ ወይ አልኩት። ቆርቆሮውን ይዞ ወጣ። የእኅቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ትንሽ አፈረ። እሱ የተናገረው እውነት እንደነበረ፣ ሰውየው ደግሞ ያንኑ እውነት ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሮ ሊሸጥልኝ እንደነበረ ነገርኩት። ፍልፈሉን ግን ወዶታል፤ ፎቶውን ስልኩ ላይ አድርጎ ለአያቱ አሳያቸው፤ እሳቸውም አማተቡ።

ለእኅቴ ማራኪ የምነግራት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቆዳውን ስለ ማራገፍ የጻፍሺው ሲነበብላቸው አባቴ ዝም ብለው ቆዩና በማግስቱ ፍቅፋቂውን አምጣ አሉኝ። ስንሞርድ ከብሩ ጋር የሞረዱ ብረት አብሮ ይረግፋል፤ ያ ብረት ሳይወጣ መቅለጥ የለበትም። የሚወጣው በማግኔት ነው፤ እኔ ሁልጊዜ እየቸኮልኩ የማልፈው ሥራ ነው። አባቴ ፍቅፋቂውን ነጭ ወረቀት ላይ በትነው ማግኔቱን በዚያች በምትንቀጠቀጥ እጃቸው ከላይ ያንዣብባሉ። መንቀጥቀጡ እንዲያውም ይጠቅማቸዋል፤ ብናኙን ያነቃንቀዋል፣ ብረቱ እየዘለለ ማግኔቱ ላይ ይለጠፋል። ትናንት የአንድ ወር ፍቅፋቂ እንዲህ ለቅመው ጨርሰው ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ 19 ግራም ወጣ። «ያንተ አንድ መስቀል ነው» አሉኝ፤ ከዚያ ቡና ጠየቁ። ስቀዳላቸው ፊቴን አላዞርኩም።